ላብ ለምትገቡ ፍሬሾች (ሲኒየሮችም ብታነቡት አይጎዳም)

ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻን ነኝ። ኮሌጁ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል፤ ላቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው። 24 ኮምፒውተር ተደርድሯል፣ ሁልጊዜ የሚነሱት 20 ቢሆኑ ነው። 45 ተማሪ ያለው ሴክሽን ሲገባ በአንድ ማሽን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይቀመጣል። ኪቦርዱን የያዘው ይሠራል፣ ጎኑ ያለው ያያል። እንዲሁ እያየ የሚመረቅ ተማሪ አለ፤ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእሱ ነው። ያለን ነገር ትንሽ ነው፣ ግን አብዛኛው ተማሪ ከሚያውቀው ይበልጣል።

ማሽን የሚገኝበት ሰዓት

በሩ ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጠዋት ሬጉላር፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የማታ፣ ቅዳሜና እሑድ የዊኬንድ ተማሪ ይዞታል። ለማንም ክፍት የሆነው ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው የምሳ ሰዓት እና ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉም ስለሚያውቀው ወረፋ አለ። ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ብዙው ተማሪ ለጁምዓ ይወጣል፣ ላቡም ጸጥ ይላል፤ የማትሰግዱ ያኔ ኑ። ጁምዓ የምትሰግዱ ደግሞ ሰኞ የመጀመሪያውን ፔሬድ ተጠቀሙበት፣ በዚህ ሴሚስተር ማንም አልያዘውም።

ስትገቡ ባገኛችሁት ወንበር አትቀመጡ። በመስኮቱ በኩል ላለው ረድፍ አምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ተገዝቶለታል፤ ከመነሳት እስከ ሥራ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። የበሩ ረድፍ ግን ገና አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ሌላ ቦታም ብትሄዱ ለመለየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» የሚለው ላይ ዲስኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ተጽፎ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ በወረቀት የሚሠራውን በወረቀት ጨርሳችሁ ግቡ። ፕሮግራሚንግ ከሆነ ፍሎውቻርቱን ደብተራችሁ ላይ ሥሩት፤ አሳይመንት ከሆነ ረቂቁን በስልካችሁ ጻፉና በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፣ እዚህ መጥታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ላቡ ውስጥ ብቻ የሚሠራው ሌላ ነው፤ የአካውንቲንጎች ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ መያዣ)፣ የማኔጅመንቶች ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ መተንተኛ)፣ የኮምፒውተር ሳይንሶች ፓኬት ትሬሰር (የኔትወርክ መለማመጃ)። ሁለት ሆናችሁ የምትቀመጡ በየ15 ደቂቃው ኪቦርዱን ተቀያየሩ። ጓደኛህ ፈጣን ነው ብለህ አትተውለት፤ ፈጣን የሆነው ኪቦርዱን ስለያዘ ነው።

«ትናንት ያስቀመጥኩት ጠፋ»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ስሞታ ይህ ነው። ማንም አልሰረቃችሁም። ማሽኖቹ ላይ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ሶፍትዌር ተጭኗል። ሥራው ሲ ድራይቭን ባለበት ማቆየት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሲ ላይ የተጨመረው ሁሉ ይጠፋል፣ የተሰረዘውም ይመለሳል። ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ማይ ዶክመንትስ ሁሉም ሲ ላይ ናቸው። ይህ ባይኖር ኖሮ በአንድ ወር ውስጥ 24ቱም ማሽን በቫይረስና በጌም ይሞላ ነበር፤ ስለዚህ አውጡልን ብትሉኝ አላወጣውም።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ብዙ ሰው አያስበውም። ዎርድ በየ10 ደቂቃው በራሱ መጠባበቂያ ቅጂ እንደሚይዝ ሰምታችሁ ይሆናል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ «ያልተቀመጠ ፋይል አለ፣ ላምጣልህ?» ይላል። እኛ ላብ ውስጥ አይልም። ያ ቅጂ የሚቀመጠው ሲ ላይ ስለሆነ መብራት በሄደበት ቅጽበት አብሮ ይሄዳል። የማንም ሰው ላፕቶፕ ላይ የሚያድናችሁ ነገር እዚህ አያድናችሁም። ስለዚህ አዲስ ፋይል ስትከፍቱ አንድ መስመር እንኳ ከመጻፋችሁ በፊት ፍላሻችሁ ላይ ወይም ዲ ድራይቭ ላይ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮል ኤስ።

ፒችትሪም በዚሁ ይያዛል። የከፈታችሁት ካምፓኒ ዳታ ሲ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆርናል ስታስገቡ ውላችሁ ማሽኑን ብታጠፉት ነገ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ፋይል፣ ቀጥሎ ባክ አፕ በሉና ፍላሽ ላይ አውጡት፤ በሚቀጥለው ቀን ሪስቶር ታደርጉታላችሁ። በማንኛውም ማሽን ላይ ይሠራል፣ የግድ የትናንቱ ወንበር ላይ መቀመጥ የለባችሁም።

ዲ ድራይቭ አይታጠብም፣ ግን የሁሉም ነው። የናንተን ፎልደር ቀጥሎ የተቀመጠው ተማሪ ሊሰርዘው፣ ሊገለብጠውም ይችላል። የአሳይመንት መመሳሰል ሲመጣ መምህሩ ማን ከማን እንደወሰደ አያውቅም። ጨርሳችሁ ስትወጡ ከዲ ላይ አንሱት።

መብራት

መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚይዙልን ዩፒኤሶች አሮጌ ናቸው። ባትሪያቸው እንደ ድሮው ቢሆን 10 ደቂቃ ይይዙ ነበር፤ አሁን አንዳንዶቹ ጩኸቱን ሳይጨርሱ ይጠፋሉ። ጩኸት ስትሰሙ ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስ አትበሉ። አስቀምጡ፣ ፍላሹን በሥርዓቱ አውጡ፣ ማሽኑን አጥፉ። ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ፍላሽ ፎርማት ካላደረጋችሁኝ አልከፈትም ሊል ይችላል።

መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ አይጫን። መጀመሪያ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠልብን በአብዛኛው ያኔ ነው። ብሬከሩን እኔ ነኝ የማነሳው፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ፍላሽና ቁጥር 7

ጥግ ላይ ብቻዋን ያለችውን ቁጥር 7 ማሽን ማንም አይቀመጥባትም፤ «መልኳ ሌላ ነው» ይላሉ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለተጫነባት ነው። እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው፤ የፍላሽ ሐኪም ናት።

ፍላሻችሁን ስትሰኩ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አትክፈቷቸው፣ ፎርማትም አታድርጉ። ፋይላችሁ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው የራሱን መጥሪያ አስቀምጧል፤ ያን ስትከፍቱ ፋይላችሁም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። በቁጥር 7 ላይ ስትሰኩት ግን የተደበቀው ሁሉ ይታያል፤ ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሳም። የናንተ የሆነውን ወደ ማሽኗ ቅዱ፣ ፍላሹን አጽዱ፣ መልሱት። የተደበቀውን ዊንዶውስ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የፍላሻችሁን ፊደል ብቻ ቀይራችሁ እንዳለ ጻፉት።

ቫይረሱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በአብዛኛው ከኮፒ ቤት። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካባቸው አስቡት። የሚታተም ነገር ሲኖራችሁ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ካልሆነ ለኮፒ ቤት ብቻ የሚሆን አሮጌ ፍላሽ ይኑራችሁ። ዋናውን ፍላሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበትን፣ እዚያ አትስጡ።

ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» እያለ አልገለበጥ ካላችሁ፣ ቦታ እያለ ማለቴ ነው፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው በድሮው አሠራር ነው። ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡና በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራው

በማሽኖቹ ላይ «ኔትወርክ» ብላችሁ ስትገቡ «ላብ ሰርቨር» የሚል ፎልደር ይመጣል። በሩ አጠገብ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ የምትጮኸው ሳጥን እሷ ናት። የኮሌጁ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በኬብል ስለተገናኘች ትሠራለች፤ 100 ሜጋባይት የሆነ ሶፍትዌር በሰከንዶች ይገለበጣል። ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ ኢንተርኔት የተዘጋባቸውን ዓመታት የምታስታውሱ ለምን እንደዚህ እንደለፋሁባት ይገባችኋል።

ውስጧ ኪዊክስ አለ፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የኦፕንስታክስ መጻሕፍት አሉ፤ የአካውንቲንግ፣ የስታቲስቲክስና የነርሲንግ ቴክስትቡኮች ናቸው፣ ነፃ የተለቀቁ ስለሆኑ ገልብጣችሁ ብትወስዱ ማንም አይጠይቃችሁም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለፕሮግራሚንግ ፓይተንና ኮድ ብሎክስ፣ ለዌብ ሥራ ዛምፕ አለ። ኤስፒኤስኤስ የተጫነው በአምስት ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ መሥራት የምትፈልጉ ግን ፒኤስፒፒን ከሰርቨሩ ውሰዱ፤ ነፃ ነው፣ የኤስፒኤስኤስ ዳታ ፋይል ይከፍታል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈለገውን የተለመደ ትንተና ይሠራል። ፓኬት ትሬሰርም አለ፤ ሲከፈት የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አካውንት ይጠይቃል። አካውንቱ ነፃ ነው፣ ግን ለመክፈት ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ የላብ ፈተናው ዕለት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ።

ላይብረሪ ውስጥ ያለ የይለፍ ቃል

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም፣ ስለዚህ ሳልጠየቅ ልንገራችሁ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ሂናሪ በሚል የጤና ጆርናሎች የጀመረ ነው፤ ኋላ የግብርናው አጎራና ሌሎችም ተጨመሩ። ውጭ አገር በብዙ ዶላር የሚሸጡ ጆርናሎችን እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት ያለ ክፍያ ይከፍታል። የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፣ ተማሪ በግሉ አይችልም። የኛ ኮሌጅ ተመዝግቧል፤ መግቢያው ያለው ላይብረሪያኗ ጋ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያ አይታ ታስገባችኋለች። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት፤ ከተቋሙ ውጭ መውጣቱ ሲታወቅ የሁላችንም ይዘጋል።

ሌላ ኮሌጅ የምትማሩ፣ ላይብረሪያችሁ ስለዚህ ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ እንዲመዘግብ ንገሩት። ከዚህ ሌላ ትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀው ብሔራዊ ዲጂታል ላይብረሪ አለ፤ ናድሬ በሚባለው የጥናቶች ማከማቻ ደግሞ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የሠሯቸው ጥናቶች ይገኛሉ። ርዕስ ለመምረጥ ስትቸገሩ ከእነሱ የመጨረሻ ምዕራፍ «ወደፊት ቢጠና» የሚለውን አንብቡ።

አማርኛ መጻፍ

ማሽኖቹ ላይ ኪይማንም ፓወር ግዕዝም አለ። በማንኛውም ጻፉ፣ ግን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ የሆነ ቁጥር የሚሰጥ አሠራር) መሆኑን አረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትና ኋላም በድሮው አሠራር የቀጠሉት ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ የሌለበት ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይወጣል። ከቢሮ የተሰጣችሁ የድሮ ፎርም እንዲህ ከሆነባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፣ አምጡልኝና እንቀይረዋለን።

ኒያላ ፎንት የምትወዱም ተጠንቀቁ። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ካልጨመሩት የለም፣ በምትኩ ኢብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ይመጣል። እዚህ 40 ገጽ የሆነው ጽሑፍ ኮፒ ቤት ሲደርስ 43 ሆኖ ማውጫው የሚዛባው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ነርሶች፣ ይህ ለናንተ ነው

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የግል ኮሌጅም ቢሆን፣ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ነርሲንግ የሚማር ልጅ አንደኛ ዓመት ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ከወሰደ በኋላ ሆስፒታልና ክፍል ሲመላለስ ይቆይና ማውስ የሚነካው ፈተናው ቀን ነው። ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ግን ገጹን ወደ ታች ማውረድ፣ የተዘለለን ጥያቄ መልሶ ማግኘት፣ ሰዓት ቆጣሪውን እያዩ መረጋጋት ልምምድ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ላይ ሙድል የሚባል ፈተና በኮምፒውተር መስጫ ሶፍትዌር ጭኜ መምህራኑ የሰጡኝን ጥያቄዎች አስገብቻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጀምሩ። ስልክ ላይ መሥራት አንድ አይደለም፣ ጣትና ማውስ ይለያያሉ።

ከላብ ውጭ

ዳታ የምትገዙ፣ የሌሊቱ ጥቅል ይረክሳል፤ ከባድ ነገር ያኔ አውርዱ። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ላፕቶፕ ስታገናኙ መጀመሪያ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ያለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ጥቅሉን እናንተ አንድ ገጽ ሳትከፍቱ ይጨርሰዋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ ስለ ኮር አይ 5 ብቻ ሲያወራ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁት። ዊንዶውስ 11 የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከዚያ በታች ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱና ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፣ እኔ እጭንላችኋለሁ። ራም 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ሥሩበት።

በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በነፃ አቅርቧል፣ ስትጨርሱ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መነሻ ብቻ ነው። ለአካውንቲንግ ተማሪ ግን የዳታው ኮርስ ከኤክሴል ጋር ተደምሮ ሥራ ሲፈለግ ሲቪ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

ስትወጡ

ቴሌግራም ዌብና ጂሜል ከፍታችሁ ትታችሁ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ክፍት ነው፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ያነበዋል። ረስታችሁ ቤት ከደረሳችሁ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የላቡን ማሽን ከዚያው ታስወጡታላችሁ።

የማይሠራ ነገር ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ ወንበር አትቀይሩ። ጠረጴዛዬ ላይ ደብተር አለ፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ምን ስትሠሩ እንደሆነ ጻፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣ መልእክት ካለ ፎቶ አንሱና አሳዩኝ። «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» ብቻ የተጻፈበት ገጽ ሞልቷል፣ በእሱ ምንም ማድረግ አልችልም። «ቁጥር 13፣ ማክሰኞ፣ ፒችትሪ ስከፍት ተዘጋ» ያለኝ ተማሪ ግን በማግስቱ ተሠርቶ ያገኘዋል፤ መለዋወጫ የሚያስፈልገው ከሆነም ያን ገጽ ኮፒ አድርጌ ከግዥ መጠየቂያው ጋር ለዲኑ አያይዘዋለሁ። ኤስኤስዲዎቹ የተገዙልን እንደዚያ ነው።